ያደረ ዳቦ በቡና አገር

ዳቦ እንዲያድር መጀመሪያ መትረፍ አለበት። ስለ ጅማ የሚጽፍ ሰው ከቡናው ይነሣና ወደ ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያሳያል፤ ሲመለስ በርጩማውንና ማሩን አንሥቶ ይሰናበታል። እኔ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነኝ፤ ኑሮዬም ከቁርስ ቤቴ ነው። ስለዚህ የከተማዬን ታሪክ የማየው በሌላ በኩል ነው፤ ማታ ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ መደርደሪያው ላይ በቀረው። ዳቦ የተረፈበት ዘመን አለ፤ ጨርሶ ያልተረፈበትም አለ። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ሁለቱን ዘመን የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ቡናው ነው።

ይህን ያስነሣብኝ እሑድ እሑድ ረፋዱ ላይ የማቀርበው ምግብ ነው። ደንበኞቼ «የትሪው» ይሉታል። ቅዳሜ ማታ ያደረ ዳቦ ተቆራርጦ በትሪ ይደረደራል፤ በወተት የተመታ እንቁላል ይፈስበታል፤ ሌሊቱን ሲጠጣ አድሮ ጠዋት ምድጃ ይገባል። አሜሪካኖች እንግዳ የጠሩ ዕለት፣ ቁርስ አልፎ ምሳ ሳይደርስ የሚያቀርቡት ነው። ወጣቶቹ ከስልክ ላይ የቀዳሁት ይመስላቸዋል። እኔ ዘንድ እስኪደርስ ግን ብዙ በር አልፏል።

በመጀመሪያ ስንዴው። ቡና የሚወደው መሬት ስንዴ የሚወደው አይደለም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አጋሮና ሊሙ ያሉበት ወይናደጋ በቆሎ፣ ጤፍና ማሽላ ይሰጣል፤ ስንዴና ገብስ የሚፈልግ እንደ ዴዶ ወዳለው ደጋ መውጣት አለበት። በዚህ ምክንያት የስንዴ ዳቦ በእኛ አገር የዘወትር ምግብ አልነበረም፤ የዓመት በዓልና የድግስ ነበር። ድፎው በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎበት ይበስላል። ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱና ደጅ ለቆመው ተቆርሶ ሲያበቃ ለነገ የሚቀረው ፍርፋሪ ነው።

ደረቅ እህልን በፈሳሽ ማለስለስ ግን ያኔም የታወቀ ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ ጅማ ለአፄ ምኒልክ እየገበረች የውስጥ አስተዳደሯን የጠበቀች፣ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ ነበረች። ሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ሲቆም ከሰሜን የመጣው ሲራራ ነጋዴ አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ይዞ ይገባል፤ ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማና የዝባድ ቅባት ጭኖ ይወጣል። በአገልግሉ ውስጥ ድርቆሽ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ አለ። ድርቆሽ ወጥ ወይም ውሃ እስኪያገኝ ድረስ ሳምንታት የሚከርም እንጀራ ነው። መንገደኛ ያደረ የሚበላው ሞልቶት ተርፎት ሳይሆን፣ የሚሄድበት አገር ሩቅ ስለሆነ ነበር።

የአባቴ እናት ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው በአጋሮ ነበር የኖረችው። እዚያ ጠዋት የሚሸተው ዳቦ ሳይሆን ቅቤ ነው። አያቴ የትናንቱን ቂጣ ትቆራርስና የተነጠረ ቅቤ ባቀለጠችበት ድስት ትጨምረዋለች፤ በርበሬ ነስንሳ፣ ከድና፣ እሳቱን ቀንሳ ትተወዋለች። የቸኮለ ልጅ ክዳኑን ከነካ እጁን ነው የምትመታው፤ እንፋሎቱ ከወጣ ቂጣው አይለሰልስም። ጨጨብሳ ማለት ይኸው ነው። ደህና ቀን ሲሆን ከላዩ የጌራ ማር ይንጠባጠብበታል። በትልቅ ቀን ደግሞ ቡና ቀላ ይመጣል፤ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ፣ እየታኘከ የሚበላ። ከዚህ ቤት የወጣ ሰው ደረቅ ዳቦ በቅቤና በማር ማራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ ነው ቢሉት አያምንም።

ዳቦን የዕለት ያደረገው ፉርኖ፣ የጡብ ምድጃው፣ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን ወርሮ ሲይዝ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋት። ለሹማምንቱና ለወታደሩ መንገድ፣ ሲኒማ፣ መሥሪያ ቤትና መኖሪያ ሠራ፤ ለነጩ የተከለለውና ለአገሬው የተተወው ሰፈር የተለያየ ነበር። ያን ሁሉ ሠራዊትና ሠራተኛ የሚመግብ ዳቦም በየቀኑ መጋገር ነበረበት። በሰኔ 1933 ዓ.ም. የጅማ ጦሩ እጁን ሲሰጥ የጡብ ምድጃው በቦታው ቀረ።

አባቴ በልጅነቱ የተቀጠረው ከነጻነት በኋላ አገር ውስጥ ከቀሩት ጣሊያኖች በአንዱ ዳቦ ቤት፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። መጀመሪያ የተማረው እሳት ነው። ማገዶው ምድጃው ሆድ ውስጥ ነድዶ ጡቡ ሲግል ፍሙ ይጠረግና ወለሉ በእርጥብ ጆንያ ይወለወላል። ከዚያ አንድ ቁንጥር ዱቄት ወለሉ ላይ ይበተናል። ወዲያው ከጠቆረ ምድጃው ገና ቁጡ ነው፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ ዘግይተሃል፤ ቀስ ብሎ ቡና ከመሰለ ሊጡ ይግባ። አባዬ ከዚህ በተጨማሪ የተማረው ደብተር መያዝ ነው። ሦስት ረድፍ ነበረው፤ የተጋገረ፣ የተሸጠ፣ ያደረ። እድሜ ልኩን ከሁሉ በፊት የሚያየው ሦስተኛውን ረድፍ ነበር፤ ነገ ስንት ኬሻ ዱቄት እንደሚፈታ የሚነግረው እሱ ነው።

ሦስተኛው ረድፍ የሞላው በ1940ዎቹ ዓ.ም. ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1951 ተቋቁሞ በጦርነቱ የተጎዱትን መንገዶች ማደስ ሲጀምር፣ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የጅማ መንገድ የጭነት መኪና የሚመላለስበት ሆነ። ዱቄት ይዞ የመጣ መኪና ቡና ጭኖ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1953 የብራዚልን ቡና ውርጭ መታውና በዓመቱ የዓለም ዋጋ ጣራ ነካ። በዚያው በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በአጋሮ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ ቡና፣ የሸጠ ገበሬ ለልጆቹ ክብ ዳቦ በዘንቢል ይዞ መግባት ቻለ። ኬክ ቤቶች ተከፈቱ፤ ቦምቦሊኖና ፓስቲ ከሻይ ጋር መጣ። ጋጋሪው ያልቅብኛል ብሎ ሳይሰጋ አብዝቶ ይጋግር ጀመር።

የእናቴ ወገን ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታ፣ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን፣ የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ነገሩን የጠነሰሱት የኦክላሆማ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ሲሆኑ፣ ትምህርት ቤቱን ሳያዩት ቴህራን አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞተዋል። የዓለማያ ኮሌጅ የመጀመሪያ ተማሪዎችም የራሳቸው ግቢ እስኪሠራ ድረስ የተማሩት ጅማ ነው። ዛሬ ግቢው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። እናቴ በዚያ ግቢ በአንድ መምህር ቤት ወጥ ቤት ነበረች፤ ለዚያ ቤት ዳቦ የሚያደርሰው ደግሞ አባቴ። እንዴት እንደተጋቡ ሲጠየቁ ሁለቱም «በዳቦ» ብለው ነው የሚመልሱት።

እማዬ እዚያ ያየችው ያደረ ዳቦ በእንቁላልና በወተት ተነክሮ መጥበሻ ላይ ሲገለበጥ ነው። ሴትዮዋ ከአገሯ በጣሳ የመጣ፣ ከዛፍ የሚቀዳ ጣፋጭ ፈሳሽ ታፈስበታለች። ጣሳው አልቆ ሌላው እስኪመጣ ወራት ይፈጃልና፣ እማዬ አንድ ጠዋት የጌራ ማር አቅልጣ አቀረበች። እንቁላሉ ላይ ደግሞ የተወቀጠ ኮረሪማ ጨመረችበት። ኮረሪማ እዚሁ ከፋና ጅማ ጫካ ጥላ ሥር የሚበቅል ነው፤ ቀረፋ ግን ከሱቅ የሚገዛ ነበር። ከዚያ ወዲያ የዛፉን ጣሳ የጠየቀ የለም።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ይህን ከራሳቸው አላፈለቁትም። በአፒኪዩስ ስም በሚጠራው የጥንት ሮማውያን የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ዳቦ በወተት ተነክሮ፣ ተጠብሶ፣ ማር ፈስሶበት ይቀርባል። ፈረንሳዮች የጠፋ ዳቦ እንደ ማለት ያለ ስም አውጥተውለታል። ግብፆች ኡም አሊ፣ ሕንዶች ሻሂ ቱክራ አላቸው። የመኖች ዳቦን በቅቤና በማር አሽተው ፈታ ይላሉ፤ በጅማ ሱቅ ከፍተው የኖሩት የመናውያን ይህን ሳያበሉን አልቀሩም። እኛም በጾም ሱፍ ፍትፍት፣ በፍስክ አነባበሮ እንበላለን። ዳቦና እንጀራ ባለበት ሁሉ የትናንቱ ይደርቃል፤ የደረቀውን የሚያርስ ሰውም አይጠፋም። ከአገር አገር የሚለየው ማራሻው ነው፤ ማራሻውን ደግሞ ጓሮው ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። ፍሬው ሳይቀላ ጠቁሮ ይረግፋል፤ ገበሬው የሚሸጠው ሲያጣ ዳቦ የሚገዛው ይቀንሳል። መልኮ ያለው የጅማ ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከእኛው ጫካ ቡና መርጦ እስኪያወጣ ብዙ ሰው ተንገላታ። ያ ሳያልፍ አብዮቱ ፈነዳ። በደርግ ዘመን ዱቄት በኮታ፣ ስኳር በቀበሌ ሆነ። ሰልፍ የሚያዘው ሳይነጋ ነበር፤ ልጆች ቦታ የሚጠብቁት ድንጋይ አስቀምጠው ነው። ቡናው ደግሞ በኬላ ተዘጋ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ለዘመድ ጥቂት ኪሎ ይዞ የሄደ ሰው ሻንጣው እየተፈተሸ ይወረስበታል። በእነዚያ ዓመታት በአባዬ ደብተር ሦስተኛው ረድፍ ላይ በየገጹ ያለው ሰረዝ ነው። የሚያድር ዳቦ አልነበረም። ያን የማያውቁ ወጣቶች «ድሮ ሁሉ ነገር ርካሽ ነበር» ሲሉ ስሰማ ደብተሩን አውጥቼ አሳያቸዋለሁ።

ታላቅ እህቴ በዚያ ዘመን ተሰድዳ ሚኒያፖሊስ ገባች። ከእኛ አገር የሄደ ሰው የበዛበት ከተማ ነው፤ ጎረቤቷ አፋን ኦሮሞ ነው የሚያወራው። ሆስፒታል ሌሊት ተረኛ ስለሆነች ምግቧን ከሥራ በፊት አዘጋጅታ ማቀዝቀዣ ውስጥ ታሳድራለች፤ ስትመለስ ምድጃ ውስጥ ከትታ ትታጠባለች። በትሪ የሚያድረው ዳቦ ለእንዲህ ያለ ኑሮ የተፈጠረ ነው፤ መጥበሻ ሥር መቆም የለም፤ አሥር ሰው ቢመጣም በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ለእረፍት መጥታ ሠርታ አሳየችን። እማዬ ቀምሳ «ኮረሪማው የታል?» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትሪው የእኛ ሆነ።

ጊዜውም ገጥሞ ነበር። የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋምና የእርሻ ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ላይ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ከተማው በተማሪ ተጥለቀለቀ። ተማሪ ደግሞ ዳቦ በሊታ ነው። ሻይ ቤቱ፣ ፉል ቤቱ፣ ፈጢራ ቤቱ በየመንደሩ በዛ፤ ዳቦ ቤቱም ጠዋትና ማታ መጋገር ጀመረ። ፈተና ሲያልቅና ተማሪው ሲበተን ዳቦው ይተርፋል። የአባዬ ሦስተኛ ረድፍ እንደገና ቁጥር አገኘ።

አሠራሩን ለሚጠይቁኝ እንዲህ እላለሁ። ዳቦው ቢያንስ የትናንት ይሁን፤ የዛሬ ዳቦ ወተት ሲነካው ሊጥ ይሆናል፣ የደረቀው ግን ጠጥቶም ቅርጹን ይይዛል። በአውራ ጣት ውፍረት ቁረጡት። ትሪውን በለጋ ቅቤ ቀቡ፤ የተነጠረውና በቅመም የተቀመመው ለጨጨብሳ ይቆይ፣ ከማሩ ጋር ይጣላል። ወተቱ ፈልቶ ይቀዝቅዝ። ለአንድ ሊትር ወተት ስምንት እንቁላል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ትንሽ ጨው። ኮረሪማውን ከነልጣጩ አትውቀጡ፤ ፈልቅቃችሁ የውስጧን ፍሬ ብቻ፣ አንድ ቁንጥር። ዳቦው ላይ በዝግታ አፍስሱና በእጅ መዳፍ ጫን በሉት፤ ከጎኑ የአየር ፊኛ ሲወጣ መጠጣቱን ታያላችሁ። ከድናችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። እንቁላልና ወተት ነውና ውጭ አይደርም፤ የጅማ ሌሊት ቢቀዘቅዝም አትመኑት። ጠዋት ላዩ እስኪቀላና መሀሉ መንቀጥቀጡን እስኪተው ጋግሩት። ጠዋት መብራት ከሄደ ትሪውን በኮባ እሸፍንና በላዩ ምጣድ ደፍቼ ከላይም ከታችም ፍም አደርግበታለሁ፤ ድፎ እንደሚጋገረው። እውነቱን ለመናገር የኮባው ሽታ ስላለበት ያኛው ይበልጣል።

የሚበላበትን ቀን የሚወስነው የእኔ ፍላጎት አይደለም። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ያለበት ስለሆነ ለክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብ የለም፤ በሁዳዴ ጨርሶ የለም። እሑድ ግን ቅዳሴ ያደረሰ ሰው ሆዱን ባዶ አድርጎ ነው የሚመጣው፤ ለእሱ ረፋድ የመጀመሪያው ማዕድ ነው። በረመዳን ሙስሊም ደንበኞቼ ቀን አይመጡም፤ አንዳንዶቹ ትሪውን ለኢድ ጠዋት ያዝዛሉ። በሁለቱ ጾም መካከል ያለውን ጊዜ እየቆጠሩ ነው እዚህ ከተማ ውስጥ ቁርስ የሚነገደው።

ወቅቱም አለ። ከጥቅምት እስከ ጥር ቡና ሲለቀም በአጋሮ፣ በሊሙና በጎማ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፤ ዳቦ ቤቱ አብዝቶ ይጋግራል፤ የሚያድረውም ብዙ ነው። ክረምት ሲገባ የገበሬው እጅ ይደርቃል፤ ዳቦ ቤቱ አሳንሶ ይጋግራል፣ ዳቦውም ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የስንዴና የዘይት ዋጋ በአንድ ላይ ተሰቀለ፤ ዳቦው በዋጋ ላለመጨመር በመጠን አነሰ፤ ሰውም ሁለት የሚገዛው አንድ ሲገዛ ዳቦ ቤቱ አሳንሶ ጋገረ፤ የሚያድር አልተረፈም። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የዓለም የቡና ዋጋ እስከዚያ ያልታየ ከፍታ ላይ ወጣ። ከዚያ የገበሬው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ያከራክራል፤ በዚያ ዓመት መኸር ግን ዳቦ ቤቱ ማታ ማታ የሚተርፈውን ውሰጂ ብሎ ይደውልልኝ ነበር።

እዚህ ላይ ሰው የማያነሣው ነገር አለ። ያደረ ዳቦ ድሮም ባለቤት ነበረው። አባዬ ያደረውን በግማሽ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ የሚገዙት ከመጋዘን የሚወጡ ተሸካሚዎችና ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ቁጭ ብለው ጥቁሩን ከነጩ ሲለዩ የሚውሉ ሴቶች ናቸው። ጠዋት ያንን ዳቦ በጥቁር ቡና እየነከሩ በልተው ነው ሥራ የሚገቡት። የጅማን ቡና ለባሕር ማዶ ገበያ ያጠራው እጅ የሚያድረው በዚያ ቁርስ ነው። እኔ በትሪዬ ምክንያት ዳቦ ቤቱ ደጃፍ በሙሉ ዋጋ ያደረ ዳቦ ልግዛ ብል፣ ባለ ዳቦ ቤቱ ለማን እንደሚሸጥ የታወቀ ነው። የትናንት ዳቦ እንዲህ ሆኖ ይወደድና ለቃሚዋ ባዶ ሆዷን ትገባለች። ለእኔ ደንበኛ ረፋድ ላይ የሚጣፍጠው ከእሷ ጠዋት ተቀንሶ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ከዳቦ ቤቱ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ተሸካሚዎቹና ለቃሚዎቹ በለመዱት ዋጋ ከወሰዱ በኋላ የቀረውን ነው የምወስደው። ከቀረ ትሪው አለ። ካልቀረ እሑድ ደንበኞቼ ቅር ቢላቸውም የለም እላቸዋለሁ፤ ጨጨብሳ አለ፣ ማሩም ከጌራ የመጣ ነው።